ለጅማ ቤተሰብ ራፍ ኮሊ ሲመርጡ

ራፍ ኮሊ ከስኮትላንድ የመጣ የመንጋ ውሻ ነው። ቀጠን ብሎ የረዘመ ፊቱ፣ ጫፋቸው ወደ ፊት የታጠፈ ጆሮዎቹና በአንገቱ ዙሪያ እንደ አንበሳ ጎፈር የሚንዠረገገው ፀጉሩ ሰውን በመጀመሪያ እይታ ይማርካሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በስኮትላንድ ባልሞራል ቤተ መንግሥታቸው ማሳደግ ከጀመሩ በኋላ፣ የእረኞች የነበረው ውሻ በትልልቅ ቤቶችም የሚፈለግ ሆነ። ለቤተሰቡ ውሻ የሚመርጥ ሰው ግን መልኩን ከማየቱ በፊት ውሻው ለምን ሥራ እንደተፈለገ ቢያስብ ይጠቀማል፤ ምክንያቱም ከኮሊ ጋር ደስ ብሎ መኖርም ሆነ መቸገር የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው።

ኮሊ ቀኑን ሙሉ ከእረኛው ጎን እየዋለ፣ ድምፁንና የእጁን ምልክት እየተከተለ መንጋ እንዲነዳ ለብዙ ትውልድ እየተመረጠ የተራባ ውሻ ነው። ስለዚህ ሰውን በጥንቃቄ ይከታተላል፣ ፈጥኖ ይማራል፣ ቁጣና ድብደባ ይሰብረዋል፣ ብቻውን ሲተው ደግሞ ይጨነቃል። በጅማ፣ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ከተሞች፣ ውሻ በአመዛኙ የሚያዘው ለጥበቃ ነው፤ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ሲመሽ ይፈታል፣ እስኪነጋ በር ላይ ይጮኻል። ለዚህ ሥራ ጠንካራውና አየሩን የለመደው የሐበሻ ውሻ ከኮሊ እጅግ የተሻለ ነው። በሰንሰለት የታሰረ ኮሊ በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ምክንያት የሚጮኽ፣ ፀጉሩን እየላሰ ቆዳውን የሚያቆስል፣ ሰው ሲቀርበው የሚደነግጥ ውሻ ይሆናል። ዘበኛ የሚፈልግ ቤተሰብ ይህን ዝርያ እንዳይወስድ በግልጽ እመክራለሁ። ኮሊ የሚስማማው ከቤተሰቡ ቢያንስ አንድ ሰው አብዛኛውን ቀን በሚገኝበት፣ ውሻው ቤት ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ከሰው ጋር እንዲውል በሚፈቀድበት፣ በቀን አንድ ሰዓት ያህል የሚያንሸራሽረው ሰው ባለበት ቤት ነው።

ኮሊ የማምጣቱ ፈቃድ የቤቱ ሰው ሁሉ መሆን አለበት። አባትና እናት ሥራ ውለው ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ቤት ውሻውን የምትመግበውና የምታጸዳው የቤት ሠራተኛዋ ስለምትሆን፣ እርሷ ውሻ የምትፈራ ወይም የማትፈልግ ከሆነ ጉዳዩ ገና ከመጀመሪያው አይሳካም። ከተማችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግቢ ተጋርቶ የሚኖርባት ናት። የውሻ ምራቅ ውዱኡን ወይም የመስገጃ ልብሱን እንዳይነካበት የሚጠነቀቅ ጎረቤት አለ፤ ውሻ ወደ ቤት መግባቱን የማይወዱ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም አሉ። ኮሊ ደግሞ በጣም ሰው ወዳድ ስለሆነ ማንንም ሮጦ ሊልስ ይፈልጋል። በጋራ ግቢ የሚኖር ቤተሰብ ውሻውን ከማምጣቱ በፊት ጎረቤቶቹን ማነጋገር፣ ውሻው የሚውልበትን ቦታ መለየትና ከግቢው መተላለፊያ የሚያግድ አጥር መሥራት ይኖርበታል። ጩኸቱም ከዚሁ ጋር ይታሰብ፤ መንጋ ነጂ ውሾች በድምፅ የሚሠሩ በመሆናቸው ኮሊ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ሊጮኽ ይችላል።

ኮሊ ፀጉራም ስለሆነ የጅማ ሙቀት ይከብደዋል የሚለው ስጋት በከፊል ትክክል ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ሙቀቷ እንደ ቆላ አያቃጥልም። ቢሆንም ኮሊ ድርብ ፀጉር አለው፤ የላይኛው ረጅምና ሸካራ፣ የታችኛው ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ነው። በበጋ ወራት ሽርሽሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይሁን፤ የጅሬንን ዳገት በቀትር ማስወጣት አይገባም። ይሞቀዋል ብሎ ፀጉሩን መላጨት ግን ስህተት ነው፤ ቆዳውን ከፀሐይ የሚከልለው ያው ፀጉር ነው። በጅማ ከሙቀቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ረጅሙ ክረምት ነው። ዝናቡና ጭቃው ከሆዱ ሥር፣ ከጆሮው ጀርባና ከጭኑ መካከል ያለውን ፀጉር ያቋጥረዋል፤ እርጥበቱ ሥር ውስጥ ከቆየ ቆዳው ይቆስላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ፀጉሩን እየከፈሉ እስከ ቆዳው ድረስ ማበጠር፣ ከዝናብ ሲመለስ በፎጣ ማድረቅና በዚያው መዥገር መፈለግ ያስፈልጋል። ፀጉሩን በሚያራግፍበት ወቅት ማበጠሩ በየቀኑ ይሆናል። ይህን ጊዜ መስጠት የማይችል ቤተሰብ አጭር ፀጉር ያለውን ስሙዝ ኮሊን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ጠባዩ ያው ነው።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምጨነቅበት ነገር ልለፍ። ብዙዎቹ ኮሊዎች ኤም ዲ አር 1 በሚባለው ዘረ መል ላይ ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ። ይህ ዘረ መል አንዳንድ መድኃኒቶች ወደ አንጎል እንዳይዘልቁ መልሶ የሚያስወጣ ፕሮቲን የሚሠራ ነው፤ ጉድለት ሲኖረው መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ይከማቻል። ጉድለቱ በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ እዚያ አገር ከተመረመሩት ኮሊዎች ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ከእናትና ከአባት ከሚወርሷቸው ሁለት የዘረ መሉ ቅጂዎች ቢያንስ አንዱ የተበላሸ እንደሆነ ታይቷል። ከመድኃኒቶቹ ዋነኛው አይቨርሜክቲን ነው። ይህ በእኛ አካባቢ ከባድ ትርጉም አለው፤ አይቨርሜክቲን በጅማ ዙሪያ ለከብት፣ ለበግና ለፍየል የውስጥና የውጭ ጥገኛ ተውሳክ በመርፌ በሰፊው የሚሰጥ፣ ለውሻ እከክም የሚወጋ፣ በዞኑ በርካታ ወረዳዎችም በጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውንና ዓይን የሚያሳውረውን ኦንኮሰርሲያሲስን ለመከላከል ለሰው በጅምላ የሚታደል መድኃኒት በመሆኑ ሁሉም ያምነዋል። ለከብት የሚሰጠው መጠን በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 200 ማይክሮግራም ነው። ሁለቱም ቅጂ የተበላሸበት ኮሊ ግን ከዚህ ባነሰ መጠን ሊመረዝ ይችላል፤ ምራቁ ይዝረበረባል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ማየት ሊያቆምና ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል። ማርከሻ የሚሆን መድኃኒት የለውም፤ የሚቻለው መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ድረስ በሕክምና መደገፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቡችላውን የሚሸጠውን ሰው ስለ ወላጆቹ የኤም ዲ አር 1 ምርመራ ይጠይቁ። ምርመራው ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና የሚደረግ ሲሆን፣ ሁለቱም ወላጆች ነጻ ከሆኑ ቡችላውም ነጻ ነው። ማስረጃ ካልቀረበ ውሻው ጉድለቱ እንዳለበት ቆጥረው ይኑሩ። በመጀመሪያው የክሊኒክ ቀጠሮ ለባለሙያው «ይህ ኮሊ ነው፣ አይቨርሜክቲን እንዳይሰጠው» ብለው በቃልም በጽሑፍም ያስመዝግቡ። ኮሊ በአገራችን እምብዛም የማይታይ ዝርያ ስለሆነ ባለሙያው ቢዘነጋው አይፈረድበትም፤ ማስታወሱ የባለቤቱ ድርሻ ነው። ለሰው ተቅማጥ ከፋርማሲ የሚገዛው ሎፐራማይድም ለእነዚህ ውሾች መርዝ ነው። ለማደንዘዣና ለማረጋጊያ የሚሰጡት አሴፕሮማዚንና ቡቶርፋኖል ደግሞ መጠናቸው መቀነስ አለበት። በአንጻሩ ለሆድ ትል የሚሰጡት ፌንቤንዳዞልና ፕራዚኳንቴል በዚህ ምክንያት ችግር አያመጡም። ሌላም አለ፤ በቅርቡ አይቨርሜክቲን የተሰጠው ከብት ወይም ፈረስ እበቱና ፋንድያው ውስጥ መድኃኒቱ ስለሚቀር፣ ኮሊዎን ከብት በሚውልበት ሜዳ እበት እንዳይበላ ይከልክሉት።

ሁለተኛው የዝርያው ችግር ዓይኑ ላይ ነው። የኮሊ ዓይን እክል የሚባለው የውርስ በሽታ ከዓይኑ ጀርባ ያለው ሽፋን በሚገባ ሳያድግ ሲቀር የሚመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ሲሆን አልፎ አልፎ ግን ያሳውራል። የሚታየው ቡችላው ከ5 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ ሲመረመር ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀላሉ ዓይነት በቀለም ስለሚሸፈን ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለሆነም ሻጩ የቡችላውን የዓይን ምርመራ ወይም የወላጆቹን የዘረ መል ውጤት ቢያሳይ ትልቅ ነገር ነው። ቀለሙንም በዚህ ዓይን ይመልከቱት። ወርቃማ ቡናማና ነጭ የሆነው፣ ባለ ሦስት ቀለሙ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ግራጫ ሰማያዊው ብሉ መርል፣ ሁሉም ያምራሉ። ሁለት ብሉ መርሎች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ግን ከአራት ቡችላዎች አንዱ ያህል የመርሉን ዘረ መል ከሁለቱም ወላጆቹ ሊወርስ፣ ከዚያም መስማት ወይም ማየት የተሳነው ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ይህን ከሚያደርግ አራቢ ምንም ሊገዙ አይገባም። አፍንጫው ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነውን ይምረጡ፤ ሮዝ ነቁጥ ያለበት አፍንጫ በእኛ ጠንካራ ፀሐይ በቀላሉ ይላጣል፣ ይቆስላልም።

ፀጉራም ቡችላ ሁሉ «ኮሊ» ተብሎ ሊሸጥ ስለሚችል እናቲቱን ሳያዩ አይግዙ። የቡችላ ፀጉር አጭርና ጥጥ መሰል በመሆኑ ከራሱ ከቡችላው ብዙ ማወቅ አይቻልም። በብሪታንያው መለኪያ አዋቂ ወንድ ከ56 እስከ 61፣ ሴቷ ከ51 እስከ 56 ሴንቲ ሜትር ቁመት ሲኖራቸው፣ የአሜሪካኖቹ ጥቂት ይበልጣሉ። በመልክ የሚመስለው የሸትላንድ ውሻ ቁመት ከ40 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። እናቲቱን ሲያዩ ከመልኳ ይልቅ ጠባይዋን ያጥኑ፤ እንግዳ ስታይ ጥቂት ብታመነታም ቀርባ ካሸተተች መልካም ነው፣ ጥግ ይዛ የምትንቀጠቀጥ ወይም ጥርሷን የምታሳይ ከሆነች ግን ልጆቿም ፈሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከቡችላዎቹ መካከል ቁልፍ ሲወድቅ ደንግጦ ወዲያው ለማሽተት የሚመለሰውን ይምረጡ። አንጀትን የሚበላው ጥግ የተሸሸገው ቡችላ ነው፤ ልጆች ለሚንጫጩበት ቤት ግን አይሆንም። ከ8 ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ ከእናቱ አይለይ። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ፣ ጠባዩ የታወቀ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ውሻ ከተገኘ ከቡችላ እመርጠዋለሁ፤ ዝርያው በአብዛኛው ከ12 እስከ 14 ዓመት ስለሚኖር ብዙ ዘመን ይቀረዋል።

ኮሊ ከልጆች ጋር ባለው ትዕግሥት በሚገባ የተመሰገነ ነው። የሚሮጥን ልጅ ግን እንደ መንጋ ሊከብበው፣ ተረከዙንም በጥርሱ ሊነካው ይሞክራል። ገና ቡችላ ሳለ በተረጋጋ ድምፅ «ተው» ብሎ በአሻንጉሊት ማዘናጋት ይበቃል፤ ልጆቹም ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት ይማሩ። ከቤቱ ውስጥ መከልከል ያለባቸው ነገሮች በጅማ ከሌላ ቦታ ይበዛሉ። በግቢ የተሰጣ ጀንፈል፣ የተቆላ ቡናና የቡና አተላ በውስጣቸው ባለው ካፌይን ውሻን ይመርዛሉ፤ የጫት ገራባም አነቃቂ ነገር ስላለበት ወለል ላይ አይተው። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያፈርስ ትራፊ ወጥ መስጠት ይቅር። ከልኳንዳ ቤት የሚመጣ ሳንባና ጉበት በደንብ ካልተቀቀለ ለሰው የሚተርፍ የትል በሽታ ያመጣል።

ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ፣ ቡችላን ከሚገድሉት የፓርቮና የዲስተምፐር የቫይረስ በሽታዎች በሚከላከሉት ይጀመራል፣ እስከ አራት ወር ዕድሜ ድረስም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ሰው የሚገድል በሽታ ስለሆነ ክትባቱ በሦስት ወር ተሰጥቶ በየዓመቱ መታደስ አለበት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በከተማችን መኖሩ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ ውሻ የጤና ምስክር ወረቀትና የእብድ ውሻ ክትባት ማስረጃ ይዞ ይምጣ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቡችላ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ስለሚጠብቀው፣ ከጉዞው በፊት ጥቂት ሰዓት ምግብ አይሰጠው፣ ውኃ በየመሐሉ ይቅረብለት፣ ከእናቱ ጋር የተኛበት ጨርቅም አብሮት ይምጣ። ክትባቱ እስኪሟላ መንገድ ላይ አይለቀቅ፤ ይሁንና በእቅፍ ተይዞ በፈረንጅ አራዳና በሄርማታ በኩል ይዙር፣ የባጃጁን ድምፅ፣ የገበያውን ሕዝብ፣ የአዛኑንና የቅዳሴውን ድምፅ ይስማ፤ ከ16 ሳምንት በፊት ያልለመደውን ነገር በኋላ ማስለመድ እጅግ ይከብዳል።