ካርታው ሳይታደል፦ ጀማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ደሴ ክረምት ሲገባ አመሻሹ ላይ ከቤት መውጣት ይከብዳል። ጦሳ ተራራ ላይ ያደረው ጉም ወርዶ ደጁን ይሞላዋል፤ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ያኔ እኛ ቤት ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይቆላል፣ ካርታ ከመሳቢያው ይወጣል። የእህት የወንድሞቼ ልጆች ይመጣሉ። የጎረቤት ልጆች ይመጣሉ። አንዳንዴ እናቶቻቸውም ነጠላቸውን ተከናንበው ይቀላቀላሉ። ከ20 ዓመት በላይ ጀማሪ ሳስተምር ኖሬያለሁ። በየዓመቱ አዲስ ልጅ ይመጣል፤ በየዓመቱ ያው ስህተት ይደገማል። ዘንድሮ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ትልቁ ስህተት ሕጉን ሳይነጋገሩ ማደል ነው። ይቺን ብቻ አንብባችሁ ሌላውን ብትተዉት አይከፋኝም።

ክሬዚ የሚባለው የካርታ ጨዋታ የተጣለውን በቁጥር ወይም በምልክት እያመሳሰሉ እጅን ባዶ ማድረግ ነው፤ ኮንከርና ራሚ ደግሞ ተከታታይ ወይም ቁጥሩ አንድ የሆነ ካርታ መሰብሰብ። ሦስቱም በስም በየቤቱ አንድ ናቸው። በሕግ ግን አንድ አይደሉም። አንዱ ቤት ቀለም (ልብ፣ ስፔድ የሚባለውን ምልክት) የሚቀይረው 8 ብቻ ነው። ሌላው ቤት ጄ (J) ጭምር ይቀይራል። አንዱ ቤት የሚጣል ካርታ ያጣ ሰው አንድ ስቦ ያልፋል። ሌላው ቤት የሚጣል እስኪያገኝ ይስባል። ሁሉም የራሱን ሕግ የዓለም ሕግ ይመስለዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ አላየማ!

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ የዘመድ ልጆች ከኮምቦልቻ መጡ። የሐረጎን ዳገት በዝናብ ወጥተው፣ ከዚያ ሙቀት ወደዚህ ብርድ ገብተው፣ ጋቢ ደርበንላቸው ምድጃው ዳር ተቀመጡ። ሁለት የኛ፣ ሁለት የነሱ ሆነው ክሬዚ ጀመሩ። እኛ ቤት 2 የተጣለበት ሰው ሁለት ካርታ ይስባል። እጁ ላይ 2 ካለ ግን ከላዩ ይደርብበታል፤ ቅጣቱም 4 ሆኖ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። እነሱ ቤት መደረብ የለም። የተመታ ይስባል፣ አለቀ። ይህን ማንም አላነሣም። እኔም ቡናው ላይ ነበርኩና አላነሣሁም።

የእህቴ ልጅ አንድ ካርታ ቀራት። «ቀረኝ» አለች፣ እንደ ደንቡ። ከፊቷ ያለው የኮምቦልቻ ልጅ 2 ጣለባት። የቀራትም 2 ነበር። ደረበችና እጇን ባዶ አድርጋ ብድግ አለች። «አሸነፍኩ!»

«አይቻልም። ሁለት ስበሽ ታልፊያለሽ።»

«እኛ ቤት ይቻላል።»

«እኛ ቤት አይቻልም።»

ድምፅ ከፍ አለ። ልጁ የያዘውን ካርታ ወረወረው። ግማሹ ረከቦቱ ሥር ገባ፣ አንዱ ሲኒ ውስጥ ወደቀ። ቶናው ገና አልተቀዳም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ሳይነጋገሩ ተለያዩ። ልጅቷ ማታ ላይ አልጋዬ ዳር መጥታ «እትዬ፣ ልክ ማነው?» አለችኝ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከመካከላቸው ትልቅ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ካርታው ሳይታደል አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ነገሩ የኛ ቤት ብቻ አይደለም። ኡኖ የሚባለውን ባለቀለም ካርታ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 የሠራው ሜርል ሮቢንስ የሚባል በአሜሪካ ኦሃዮ የሚኖር ፀጉር አስተካካይ ነው። እንደሚነገረው መነሻው ከልጁ ጋር በዚሁ በክሬዚ ሕግ ላይ መከራከራቸው ነበር። ካርታው ላይ ትእዛዙ ሲጻፍበት ክርክሩ ይቀንሳል።

ስለዚህ ጠይቁ። 2 ይደረባል ወይ? ቀለም የሚቀይረው የትኛው ነው? በ8 መጨረስ ይቻላል? «ቀረኝ» ያላለ ስንት ይስባል? የሚሳበው ክምር ሲያልቅ የተጣለው ተበውዞ ይመለሳል ወይስ ጨዋታው ያበቃል? ኮንከር ወይም ራሚ ከሆነ ደግሞ ስንት ስንት ይታደላል? ጆከር ነጥቡ ስንት ነው? ለመክፈት፣ ማለትም መጀመሪያ ጥምር መሬት ላይ ለማውረድ፣ የሚጠየቅ ነጥብ አለ? ጥያቄው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አሁን የቤታችንን ሕግ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፌ አጥፌ ፓኬቱ ውስጥ አስቀምጫለሁ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው ወረቀቱ ነው። የእንግዳው ሕግ ከተሻለ በሱ እንጫወታለን።

ሁለተኛው ስህተት ሳይቆጥሩ መጀመር ነው። አንድ ፓኬት ያለ ጆከር 52 ነው፤ ለእያንዳንዱ ምልክት 13። ቁጠሩ። አንድ ማታ ሙሉ ኬ (K) ስፔድን ስንጠብቅ አምሽተን ጠዋት ምንጣፍ ስር አግኝተነዋል።

አበዋወዝ ላይም ችግር አለ። ጀማሪ ካርታውን በእጁ ይዞ ሁለት ሦስት ጊዜ ከላይ ወደ ታች ያገላብጥና «በወዝኩ» ይላል። አልበወዘም። ባለፈው ዙር ተከታትለው የተጣሉት ልቦች አሁንም ተያይዘው ነው ያሉት። ከዚያ አንዱ ሰው አምስት ልብ ይታደለውና ሌላው «ሰርቀሃል» ይለዋል። ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ካርታውን ለሁለት ከፍላችሁ ጫፍና ጫፉን እያጠላለፋችሁ አዋህዱት። እ.ኤ.አ. በ1992 ዴቭ ቤየርና ፐርሲ ዲያኮኒስ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ይህን አጥንተው 52 ካርታ በደንብ እንዲደባለቅ በዚህ ዘዴ 7 ጊዜ ያህል መበወዝ እንደሚበቃ አሳይተዋል። ከላይ ወደ ታች ማገላበጡ ግን እጅግ ብዙ ጊዜ ካልተደጋገመ አይደባልቅም። እጁ ትንሽ የሆነ ልጅ ማጠላለፍ ካቃተው ካርታውን ምንጣፉ ላይ ዘርግፎ በሁለት መዳፉ ያተራምሰው። ትንሽ ቆይቶ ይሰብስበው። ይበቃል።

ካርታን ገልጦ መያዝ ስህተት መሆኑ ለኛ ግልጽ ነው፤ ለጀማሪ ግን አይደለም። ወደ ደረታችሁ አስጠጉት። መብራት ከጠፋ ደግሞ አትቸኩሉ፤ በሻማ ልብና ዳይመንድ ይምታታሉ።

ወደ ክሬዚ ልመለስ። ጀማሪ 8 ሲደርሰው ይደሰትና ወዲያው ይጥለዋል። ሌላ የሚጣል ካርታ እያለው! 8 መውጫ በር ነው፤ በሩን የምትከፍቱት ሲጨንቃችሁ ነው። ተቃራኒውም አለ። እስከ መጨረሻው አቅፎ ይዞ፣ ሌላው ሰው ሲጨርስ 8ቱ እጁ ላይ የሚቀር። ነጥብ በሚቆጠርበት ቤት 8 ይዞ መቅረት ብዙ ጊዜ 50 ያስቆጥራል። እጃችሁ ላይ ሦስት አራት ካርታ ሲቀር ወይም ከእናንተ ቀጥሎ ያለው «ቀረኝ» ሲል ተጠቀሙበት። ቀለም ስትቀይሩም ደስ ያላችሁን አትጥሩ። እጃችሁ ላይ የበዛውን ጥሩ። አንዱ ልጅ ሁልጊዜ «ልብ!» ይላል፤ እጁ ላይ አንድም ልብ ሳይኖር። ስለሚወደው ነው። እኔም ልጁን እወደዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ይሸነፋል።

በኮንከርና በራሚ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ያሳስታል። ልብ 5፣ 6፣ 7 ተከታታይ ነው። ልብ 5፣ ዳይመንድ 6፣ ልብ 7 አይደለም፤ ምልክቱ አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩ አንድ የሆነው ጥምር ግን ምልክቱ ይለያያል፤ 9 ልብ፣ 9 ስፔድ፣ 9 አበባ። በሁለት ፓኬት ስትጫወቱ ሁለት 9 ልብ ሊደርሳችሁ ይችላል። ሁለቱን አንድ ጥምር ውስጥ ማስገባት ብዙ ቤት አይፈቀድም። ኤ (A) ደግሞ ጠንቅ አላት። ኤ፣ 2፣ 3 ይሆናል። ኪው (Q)፣ ኬ፣ ኤ ደግሞ በብዙ ቤት ይሆናል። ኬ፣ ኤ፣ 2 ብሎ መዞር ግን በአብዛኛው የለም። ይህንንም አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ለዓመታት ሁለት ኬ ከደረሰኝ ሦስተኛውን ስጠብቅ ዙሩ ያልቅ ነበር። ሥዕል ያለባቸው ካርታዎች በአብዛኛው አሥር አሥር ነጥብ ናቸው፤ ሌላው ጨርሶ ሲዘጋ ያ ሁሉ እኔ ላይ ይቆጠራል። የተጣለውን አላይም ነበር። የምጠብቀው ኬ ዓይኔ ሥር ተጥሎ፣ ሌላ ተደርቦበት አልፏል። መሬት ላይ የወረደውን ተከታተሉ። ሁለት ሦስት ዙር ጠብቃችሁ ካልመጣ ትልቁን ጣሉ።

ከኋላ ቆሞ «እሱን አይደለም፣ ያኛውን!» የሚል ሰው ካለ ቡና ቅዱለትና አስቀምጡት።

ገንዘብ አታስገቡ። በሻይ ይጀመራል፣ ከዚያ በብር ይሆናል። አንድ ልጅ ለደብተር መግዣ የተሰጠውን ባንድ ከሰዓት ጨርሶ እናቱ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አይቻለሁ። እኛ ቤት የተሸነፈ ሲኒ ያጥባል።

የመጨረሻው የምናስተምር ሰዎች ስህተት ነው። ሕጉን ሁሉ ባንድ ጊዜ እናወርድባቸዋለን። 2 ያስስባል፣ 8 ይቀይራል፣ «ቀረኝ» በል፣ እንዲህ ሲሆን እንዲያ። ልጁ ግራ ይገባዋል፤ አይጠይቅም፣ አንገቱን ይነቀንቃል። የመጀመሪያውን ዙር ሁላችሁም ካርታችሁን ገልጣችሁ ተጫወቱ። ቁጥር ከቁጥር፣ ምልክት ከምልክት ማመሳሰል ብቻ። በሁለተኛው ዙር 2ን ጨምሩ። በሦስተኛው 8ን። እጁ ሲፈታ ካርታውን ይደብቅ።

የልጁን ካርታም አትንኩ። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ሲማር፣ ባመነታ ቁጥር ትክክለኛውን ካርታ ከእጁ እየመዘዝኩ እጥልለት ነበር። አሸነፈ። አጨበጨብንለት። እሱ ግን አልሳቀም። «እትዬ፣ ያሸነፉት እርስዎ ነዎት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲጫወት እጄን ጋቢዬ ውስጥ አደርጋለሁ። ተሳስቶ ሲጥል አያለሁ፣ ዝም እላለሁ። ዙሩ ሲያልቅ ካርታውን አብረን ገልጠን «እዚህ ጋ ስትደርስ ምን ነበረህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።