ፈሳሽ ስቴቪያን ቤት ውስጥ በሚሠራ የቬፕ ሊኩዊድ ላይ እንዴት እንጨምራለን?

ይህን የምጽፈው ከሲጋራ ወደ ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ለዞሩና ሊኩዊዳቸውን፣ ማለትም መሣሪያው የሚያተነውን ፈሳሽ፣ ራሳቸው ለሚቀምሙ ሰዎች ነው። አጭሳችሁ የማታውቁ ከሆነ እንድትጀምሩ አልመክርም። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ኒኮቲኑ አይቀንስም።

ሌላም ነገር አስቀድሜ ልናገር። ስቴቪያ ለምግብና ለመጠጥ የተፈቀደ ማጣፈጫ ነው። ጨጓራ የሚችለውን ሁሉ ግን ሳንባ አይችለውም። ስለዚህ ከታች የምታዩት አሠራር በሙሉ አንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ጣዕሙን ለማግኘት የሚበቃችሁን ትንሹን መጠን ፈልጉ፣ ከዚያ አትለፉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ግሊሰሪን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ለቬፕ የተሠራ ጣዕም፣ ኒኮቲን የምትጠቀሙ ከሆነ ኒኮቲን፣ ፈሳሽ ስቴቪያ፣ የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ የ10 ሚሊ ሊትር ጠርሙሶች፣ ጓንት። ግሊሰሪኑና ግላይኮሉ ለምግብ ወይም ለመድኃኒት ደረጃ የሚሆን ንጹሕ መሆኑ ላይ ድርድር የለም።

ብዙ ሰው በጠብታ ይቆጥራል። እኔ በጠብታ መቁጠር ትቻለሁ። ውኃ በ1 ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ይወጣዋል፤ የግላይኮል ጠብታ ግን ከዚያ ያንሳል፣ የጠርሙሱ አፍም መጠኑን ይቀይረዋል። ዛሬ የወደዳችሁትን ጣዕም በሚቀጥለው ሳምንት ማግኘት ከፈለጋችሁ ሲሪንጅ ያዙ። እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን ካላችሁ ደግሞ ይበልጣል።

ስቴቪያውን መምረጥ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔም እዚሁ ነው የተሳሳትኩት።

ጠርሙሱ ፊት ላይ «ስቴቪያ» ተብሎ ይጻፋል። እውነቱ ያለው ከኋላ፣ በደቃቁ ፊደል ነው። አገላብጡና አንብቡ። የምትፈልጉት ዝርዝሩ አጭር የሆነውን ነው፦ የስቴቪያ ንጥር፣ ውኃ፣ ምናልባት ግሊሰሪን ወይም አልኮል። ኢኑሊን፣ ኤሪትሪቶል፣ ማልቶዴክስትሪን ወይም ስኳር ካያችሁበት መልሱት። እነዚህ ሻይ ውስጥ ችግር የለባቸውም። የጋለ ኮይል (ሊኩዊዱን የሚያተነው፣ ጥጥ ያለበት የሽቦ ጥምጥም) ላይ ግን አይተኑም፤ ያርራሉ።

ዱቄት ስቴቪያ ገዝቶ በውኃ መበጥበጥም አቋራጭ ይመስላል። አትሞክሩት። ዱቄቱ እፍኝ ቢሞላ አብዛኛው መሙያ ነው፤ ስቴቪያው ራሱ ከስኳር ከ200 እስከ 300 እጥፍ ስለሚጣፍጥ ጥቂት ብቻ ነው የሚገባበት።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ጣዕም የተጨመረበትን ስቴቪያ ነው። አንድ ጊዜ የቫኒላ ጣዕም ያለው ገዛሁ። «ቫኒላም ጣፋጭም በአንድ ጠርሙስ» ብዬ ደስ አለኝ። ቀላቅዬ ካደረ በኋላ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት። ከላይ፣ ልክ ፈሳሹ ከመስታወቱ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ፣ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ቀለበት ተኝቷል። ዘይት ነበር። ሳላየው ቀርቼ ብስበው ኖሮ ወደ ሳንባዬ ይገባ ነበር። ዘይት በትነት መልክ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ከባድ የሳንባ ብግነት ሊያመጣ ይችላል። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰዎችን ሆስፒታል ያስገባው የቬፕ ሕመምም በዋናነት የተያያዘው ከቫይታሚን ኢ አሲቴት ጋር ነው፤ እሱም ዘይት ነው፤ በአብዛኛው የተገኘውም የካናቢስ ንጥር ባለባቸው ሊኩዊዶች ውስጥ ነበር። ያን ጠርሙስ ሙሉውን ደፋሁት። እናንተም ከዘይት ጋር አትደራደሩ።

የገዛችሁት ንጹሕ መሆኑን ለማየት አንድ ቀላል ነገር አለ። አንድ ጠብታ ንጹሕ መስታወት ላይ አሳርፉና ሌሊቱን ተዉት። ጠዋት እዩት። የተጣራው ስስ ጥላ ብቻ ይተዋል። መሙያ ያለበት ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ወይም በጣት ሲነካ ይጣበቃል። ግሊሰሪን ያለበት ግን አይደርቅም፤ ለእሱ ይህ ዘዴ አይሠራም፣ ጽሑፉን ማመን ነው።

ስቴቪያን የሚያጣፍጡት ሞለኪውሎች የተለያዩ ናቸው፤ ምርጫ ካላችሁ ከእነሱ «ሬባውዲዮሳይድ ኤ» የሚባለው የበዛበትን ውሰዱ። ስቴቪዮሳይድ የሚበዛበት መጨረሻው ላይ ምላስ ላይ የሚቀር ምሬት አለው።

መጀመሪያ መበረዝ

ስቴቪያን እንዳለ ሊኩዊድ ውስጥ አታንጠባጥቡ። መጀመሪያ ሻይ ላይ እንደማደርገው አደረግኩ፤ 10 ሚሊ ሊትር ላይ ስድስት ጠብታ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ግሩም ነበር። አሥረኛው ላይ ጉሮሮዬ ሥር መራራ ነገር ተቀመጠና አልለቀኝም። ማርም ሲበዛ ይመራል የሚባለው ስቴቪያ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው። በሁለተኛው ቀን ኮይሉን ስፈታው ሽቦው ጥቁር ቅርፊት ለብሶ፣ ጥጡ መሐል ለመሐል ተቃጥሎ አገኘሁት። አዲስ ኮይል ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። የስቴቪያ ማጣፈጫ ሞለኪውል ትልቅ ነው። እንደ ግሊሰሪንና እንደ ግላይኮል ወደ ትነት አይለወጥም። ጥቂቱ በደቃቅ ጠብታዎች ተሸክሞ ወደ አፍ ይመጣል፤ ጣፋጭነቱ የሚሰማችሁ በዚያ ነው። የቀረው ሽቦው ላይ ተቀምጦ በሙቀቱ ይፈራርሳል፣ ይከስላል። የጨመራችሁት መጠን ሲበዛ የሚከስለውም ይበዛል። ያረረ ነገር መሳብ ደግሞ ማንም አይፈልግም።

ስለዚህ በረዙት። በንጹሕ ጠርሙስ 1 ሚሊ ሊትር ስቴቪያ ከ9 ሚሊ ሊትር ፕሮፒሊን ግላይኮል ጋር ቀላቅሉ። ጠርሙሱ ላይ «ስቴቪያ 10 በመቶ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት። በደንብ ናጡት። ከደፈረሰ ወይም ከሥሩ ዝቃጭ ካለ አትጠቀሙበት፤ ያ ስቴቪያ መሙያ ሊኖርበት ይችላል።

መቀላቀል

ጓንት አጥልቁ። ኒኮቲን በቆዳ ይገባል። ቤት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በላይ የሆነ ኒኮቲን ማስገባት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ የሚያተርፈው ገንዘብ ጥቂት ነው፣ ቢፈስ ግን አደጋው ትልቅ ነው። ልጅ ባለበት ቤት ከሆነ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ለ10 ሚሊ ሊትር፣ በሚሊ ሊትር 3 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ለሚፈልግ ሰው የእኔ ልኬት ይህ ነው፦

1. 1.5 ሚሊ ሊትር ባለ 20 ኒኮቲን
2. 0.8 ሚሊ ሊትር ጣዕም
3. 0.3 ሚሊ ሊትር የተበረዘው ስቴቪያ
4. 0.4 ሚሊ ሊትር ፕሮፒሊን ግላይኮል
5. 7 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን

በሚዛን ከሆነ ግሊሰሪን በሚሊ ሊትር 1.26 ግራም፣ ግላይኮል 1.04 ግራም አድርጋችሁ አስሉ።

ይህ ግን የእኔ ምላስ ነው። የእናንተን ለማግኘት የመጀመሪያውን ሙከራ ያለ ኒኮቲን ሥሩ፤ የኒኮቲኑን ቦታ በግላይኮል ሙሉት። ደጋግሞ መቅመስ ስላለ ያለ ኒኮቲን ይሻላል። 0.1 ሚሊ ሊትር የተበረዘ ስቴቪያ ጨምሩ፣ ናጡ፣ ሞክሩ። ከዚያ 10 ደቂቃ ጠብቁና ውኃ ጠጡ። ይህን መጠበቅ አትዝለሉት። የስቴቪያ ጣፋጭነት ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ምሬቱ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ቶሎ የጨመረ ሰው ሁልጊዜ ያበዛል። ካነሰ ሌላ 0.1 ጨምሩ።

0.5 ሚሊ ሊትር ላይ ቁሙ። ያ ማለት ያልተበረዘ አንድ ጠብታ ያህል ነው። እዚያ ደርሳችሁ አሁንም ካልጣፈጠ ችግሩ ስቴቪያው አይደለም። ብዙ ጊዜ ጣዕሙ በዝቶ ነው፣ ወይም ምላስ ደክሟል። ጣዕሙን ከ8 በመቶ ወደ 6 ዝቅ አድርጋችሁ ነገ ሞክሩት። የፍራፍሬ ጣዕሞች ከስቴቪያ ጋር ይስማማሉ፤ የሎሚና የእንጆሪ ጣዕም በተለይ። ከቡናና ከትምባሆ ጣዕም ጋር ግን ምሬት በምሬት ላይ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ኢቲል ማልቶል የሚባለውን ሌላ ጣፋጭ የጣዕም ቅመም እመርጣለሁ።

ስለ ሱክራሎዝ ትጠይቁኝ ይሆናል። ይበልጥ ይጣፍጣል፣ አይመርም። ግን ኮይል ይጨርሳል፣ ሲግልም ክሎሪን ያላቸው ጎጂ ነገሮች ሊፈጠሩበት ይችላሉ። እኔ ትቼዋለሁ።

ማሳደርና መከታተል

ለፍራፍሬ ጣዕም ሁለት ሦስት ቀን ጨለማ ቦታ ማሳደር ይበቃል። አታሙቁት፤ ሙቀት ሥራውን ያፋጥናል የሚሉ አሉ፣ እኔ ያየሁት የቀለም መጥቆር ነው።

በአዲስ ኮይል ጀምሩና በዝቅተኛ ኃይል ሳቡ። የኮይሉ ጥጥ በሊኩዊዱ ሳይርስ መሣሪያውን አታግሉት። በሦስተኛው ቀን ኮይሉን ፈትታችሁ እዩት። ቀላል ቡናማ ከሆነ የሚጠበቅ ነው። ጥቁርና ሻካራ ቅርፊት ካለው ስቴቪያውን በግማሽ ቀንሱ። ደረቴ ከበደኝ፣ ሳል መጣብኝ የሚል ካለ ያን ሊኩዊድ ያቁም፤ ካልለቀቀው ሐኪም ጋ ይሂድ፣ የሚስበውንም ሳይደብቅ ይንገር።

የተበረዘውን ስቴቪያ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከምግብ ለይታችሁ አስቀምጡ። ውኃ ስላለበት ዕድሜው እንደ ግሊሰሪን ረጅም አይደለም። እኔ ከሁለት ወር በላይ አላቆየውም። ከተከፈተ በኋላ የደፈረሰ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ያመጣ ከሆነ ቀኑን ሳታዩ ድፉት።