ምኒልክ ዓድዋን ሳያውቁ፦ የታሪክ ሰዎችን ክርክር በክፍል ውስጥ እንዴት እንደምናካሂድ

ደሴ ውስጥ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎች የታሪክ ሰዎችን ሆነው የሚከራከሩበትን ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ የሞከርኩ ዕለት በ7 ደቂቃ አለቀብኝ። ምኒልክን የያዘው ልጅ ብድግ አለና «ዓድዋ ላይ ድባቅ መትተናችሁ የለም እንዴ? ምን ያከራክረናል?» ሲል ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። የኢጣልያውን መልእክተኛ አንቶኔሊን የያዘው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። የቀረውን ግማሽ ሰዓት እኔው ገለጻ ሰጠሁበት።

ርዕሱን ከአቅራቢያችሁ ምረጡ። ለኛ ውጫሌ አለችልን፤ ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልዲያ የሚሄድ ሁሉ ያልፍባታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በምኒልክና በኢጣልያ መካከል የተፈረመው ውል በስሟ እንደሚጠራ ስነግራቸው «እቺው የኛዋ ውጫሌ?» የሚሉኝ አይጠፉም።

ቅርብ የሆነ ሁሉ ግን አይመችም። አንድ ዓመት የ1870ውን የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰጠሁ፤ ከከተማችን አፍንጫ ሥር ነውና ጥሩ መስሎኝ ነበር። ጉዳዩ የሃይማኖት ነው። ሁለተኛው ተናጋሪ ላይ ስንደርስ የሚከራከሩት አፄ ዮሐንስና የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ መሆናቸው ቀረና በፊትና በኋላ ዴስክ የተቀመጡት ልጆች ራሳቸው ሆኑ። አቋረጥኩት። ጥፋቱ የኔ ነበር። ያንን በገለጻ አስተምሩት፤ ልጅ የጓደኛውን እምነት የሚነካ ሚና አይሰጠውም።

ከዚያ ጥያቄውን ቅረጹ። «ምኒልክ ትክክል ነበሩ ወይ?» አትበሉ፤ መልሱን ማን አጥቶት! የኔ ጥያቄ «አንቀጽ 17 ብቻ ይታረም ወይስ ውሉ ከነጭራሹ ይፍረስ?» የሚል ነው። አማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጻፉት፤ እስከ መጨረሻው አይጠፋ።

አሁን እኔን ያቃጠለኝ ነገር። ክርክሩ የሚካሄድበትን ቀን ወስኑና ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ዝጉት። እኔ የምዘጋው 1883 ዓ.ም. ላይ ነው፤ አንቶኔሊ ስለ አንቀጹ ሊነጋገር አዲስ አበባ የመጣበት ጊዜ። ምኒልክ ውሉን ያፈረሱት በ1885፣ ዓድዋ የሆነው በ1888 ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሁለቱም ገና አልሆኑም።

በቃል መናገር አይበቃም፤ እኔም ተናግሬ ነበር። ከስልክ ተቀድቶ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ማሳረጊያው ዓድዋ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሚና ግማሽ ገጽ በእጄ ጽፌ እሰጣለሁ፦ ያ ሰው እስከዚያ ቀን የሚያውቀውን እና የሚፈራውን፣ ሌላ የለም። የምኒልክ ወረቀት ላይ ጣልያን አስመራን እንደያዘች፣ ለእንግሊዝና ለጀርመን ሲጽፉ «በኢጣልያ በኩል ይሁን» የሚል መልስ እንደመጣላቸው፣ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር እንዳለ አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ክፉ ቀን። ከብቱ በበሽታ አልቋል፣ ገበሬው የሚጠምደው በሬ የለውም፣ አገሩ ተርቧል፤ ሠራዊት ቢጠራ ስንቁ ከየት ይመጣል?

ክፉ ቀንን የማያውቅ ምኒልክ ይፎክራል። የሚያውቅ ምኒልክ ያመነታል፤ ክርክሩም የሚነሣው እዚያ ላይ ነው። አንዲት ጣይቱ የሆነች ልጅ «ጃንሆይ፣ ዛሬ በሬ የለንም ብለን ዝም ብንል፣ በሬ ባገኘን ጊዜ የምናርሰው መሬት ይቆየናል?» ብላ ከራሷ አውጥታ ስትናገር ምኒልኩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ካገኛችሁ ተሳክቶላችኋል።

ቀኑን የሚጥስ አይጠፋም። የክፍሉን ሞኒተር ዳኛ አድርጉት፤ «ገና ነው!» ብሎ ዴስኩን ይምታ፣ ከተናጋሪውም 30 ሰከንድ ይቀንስ። ልጆቹ ይህቺን ከክርክሩ እኩል ይወዷታል።

ሚናዎቹ አምስት ናቸው፦ ምኒልክ፣ ጣይቱ፣ ሮም ደርሰው የተመለሱት መኮንን፣ አንቶኔሊ፣ አስተርጓሚው ግራዝማች ዮሴፍ። 60 ተማሪ ካላችሁ ለእያንዳንዱ 11 አማካሪ ይደርሰዋል፤ ተናጋሪው ሲጨንቀው ዞር ብሎ ይጠይቃቸዋል። ዮሴፍን አትዝለሉት። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል የቆመ እሱ ነውና ከሁሉም ወገን ጥያቄ ይዘንብበታል።

አልባሳት ላይ አትድከሙ። የካርቶን ዘውድ ለመሥራት አንድ ሳምንት ያባከነ ቡድን አንድም ነጥብ ሳይዝ መጥቷል። ለደሴ ብርድ የተለበሰ ጋቢ ካለ ይበቃል። ከልብስ ይልቅ አነጋገር ይሠራል፦ ሁሉም «እርስዎ» ተባብለው ይናገሩ። አብሮ አደጉን አንቱ ማለት መጀመሪያ ያስቃል፤ በኋላ ግን አንቱ እያሉ መሳደብ ስለሚከብድ ቁጣውን ያበርደዋል።

በ40 ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ 3 ደቂቃ፣ ለእርስ በርስ ጥያቄ 12 ደቂቃ ስጡ፤ የቀረው ለድምፅና ለመውጫ ነው። እጅ አውጡ አትበሉ፣ ሰው ለጓደኛው ነው የሚያወጣው። ቁራጭ ወረቀት ላይ ያሳመናቸውን አንድ ነጥብ ይጻፉ፤ ነጥብ ያልተጻፈበት ድምፅ አይቆጠርም።

መውጫ ያልኩት ተከራካሪዎቹ ቆመው የራሳቸውን ስምና የራሳቸውን ሐሳብ የሚናገሩበት ነው። ሁለት ደቂቃ ይበቃል፣ ደወል ቢደወልም አትዝለሉት። ያ የመጀመሪያው ልጅ እስከ ሰኔ ድረስ «አንቶኔሊ» ሲባል ከረመ። ከዚያ ወዲህ አንቶኔሊን የምሰጠው ክፍሉ ለሚወደው ልጅ ነው፤ እሱን ማንም አይደፍረውም።