የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበትን ቤት ስትፈትሹ

ወንድሜ የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላለበት፣ ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ትንሽ መኖሪያ ቤት የምፈትሸው እንደ እህት ነው። መምጣታችሁን አስቀድማችሁ ሳትናገሩ በምሳ ሰዓት ሂዱ። ከኃላፊው ቢሮ በፊት ነዋሪዎቹ አጠገብ ተቀመጡ። የሚያጎርሰው ሰው እስኪዋጥ ይታገሣል ወይስ ያጣድፋል? መዋጥ የሚከብደው ሰው ሲጣደፍ ሊታነቅ ይችላል፤ ስለዚህ ከማንኛውም ወረቀት ይልቅ ይህንን አምናለሁ። መናገር የማይችለውን ሰው አትለፉት፤ ተንከባካቢው ሲቀርበው ፊቱን አስተውሉ። የመድኃኒት መዝገቡን ከቀሩት ክኒኖች ጋር አመሳክሩ። ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ማን ሄደ፣ ማንስ ግቢ ቀረ? ለምን? በር የሚዘጋባችሁ ካለ፣ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 16 ገለልተኛ አካላት እንዲህ ያሉ ተቋማትን እንዲከታተሉ እንደሚያዝ ንገሩት።