የዱካቲን ከባድ ፍሪሲዮን ማቅለል፦ የታችኛው ፓምፕ፣ ቱቦውና አየር የማውጣቱ ነገር

ደረቅ ፍሪሲዮን (ዲስኮቹ በዘይት የማይነከሩ) ያላቸው የዱካቲ ሞተርሳይክሎች፣ ከ916 ጀምሮ እስከ ሞንስተር ኤስ4አር ድረስ ያሉት፣ በሁለት ነገር ይታማሉ፦ በዲስኮቹ መንቀጫቀጭና በከባዱ የፍሪሲዮን ማንሻ። ድምፁን የሚወድለት ሰው አይጠፋም። ማንሻውን ግን መኪና በተጨናነቀበት መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት የጨበጠ የሚወደው አይመስለንም። የእነዚህ ፍሪሲዮን የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው፤ መፍትሔው ከሌላ አምራች የተሠራ፣ ፒስተኑ ሰፋ ያለ የታችኛው ፓምፕ (ሞተሩ ላይ ያለው) ነው፤ ለእነዚህ ሞተሮች የእንግሊዙ ኦቤሮን የሚሠራው በብዛት ይገጠማል። አገር ቤት የሚበዙት ቦክሰርና መሰሎቹ በካቦ የሚሠሩ ስለሆኑ ይህ አይመለከታቸውም። የእነሱ ፍሪሲዮን ከከበደ ካቦውን ዘይት ማጠጣት፣ አለዚያም መቀየር ነው።

ከመግዛት በፊት

ማንሻው መሪው ላይ ያለውን የላይኛውን ፓምፕ ፒስተን ይገፋል፤ ዘይቱ ግፊቱን ወደ ታች ያደርሳል፤ የታችኛው ፒስተን በካምቢዮው ዘንግ መሐል የሚያልፈውን ረጅም የግፊት ዘንግ ይገፋና በቀኝ በኩል ያለውን መጫኛ ሰሃን ከዲስኮቹ ያላቅቃል። የታችኛው ፒስተን በሰፋ ቁጥር ማንሻው ይቀላል፤ በዚያው ልክ ግን ዘንጉ የሚሄደው ርቀት ያጥራል። ሻጩ የመጀመሪያውን ይነግራችኋል፣ ሁለተኛውን ማስላት የእናንተ ፋንታ ነው።

ለምሳሌ የላይኛው ፒስተን 13 ሚሊሜትር ሆኖ ማንሻው እስከ መጨረሻው ሲሳብ 10 ሚሊሜትር ይሄዳል እንበል። የሚገፋው ዘይት 1,327 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ነው። የታችኛው ፒስተን 27 ሚሊሜትር ከሆነ ዘንጉ 2.3 ሚሊሜትር ይገፋል፤ ወደ 30 ሲሰፋ 1.9 ገደማ ብቻ። ማንሻው በ19 በመቶ ይቀላል፣ ርቀቱም በ19 በመቶ ይቀንሳል። ዲስኮቹ ከተጣመሙ ወይም ዲስኮቹን የያዘው ቅርጫት በጥርሶቹ ከተበላ ይቺ የተቀነሰችው 0.4 ሚሊሜትር ነገር ታበላሻለች፦ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ዜሮ ማርሽ አልገኝ ይላል፣ ሞተርሳይክሉ በአንደኛ ማርሽ ቆሞ ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁን ፒስተኖች በቬርኒየር መለኪያ ለኩ። የላይኛው መጠን ብዙ ጊዜ ፓምፑ አካል ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ እሽቅድድም ላይ ያዩትን የብሬምቦ 16 አርሲኤስ የላይኛ ፓምፕ ገዝተው ይገጥሙና ማንሻው ከበፊቱ ብሶ ይጠብቃቸዋል። ከ13 ወደ 16 ሲኬድ የፒስተኑ የገጽ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። የአርሲኤሱ ማንሻ የመግፊያውን ርቀት ከ18 ወደ 20 ሚሊሜትር የሚቀይር ማስተካከያ ስላለው ስሜቱን ትንሽ መለወጥ ይቻላል እንጂ ልዩነቱን አይሞላም። ርቀት ጎድሎ ከሆነ ግን ከ13 ወደ 14 መሄድ ያዋጣል። 14 ከ30 ጋር ሲጣመር ርቀቱ ወደ 2.2 ይመለሳል፣ ማንሻውም ከመጀመሪያው 6 በመቶ ገደማ ቀሎ ይቀራል።

ከፓምፕ ውጪ የሆነ ምክንያትም አለ። የደረቀ ቅባት ያለበት የማንሻ ብሎን፣ የደረቁ የግፊት ዘንግ ኦሪንጎች (የጎማ ቀለበቶች)፣ ያለቀ መጫኛ ቦሎቤር፤ እነዚህ ሳይታዩ ፓምፕ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ሞላ ቀንሶ ማቅለል የሚባለውንም አንመክርም፤ ማንሻው ይቀላል፣ ፍሪሲዮኑ ግን ነዳጅ ሲሰጥ ይንሸራተትና ዲስኩን ያቃጥላል።

የሚያስፈልገው

አዲሱ የታችኛ ፓምፕ ከነጋስኬቱና ኦሪንጎቹ፤ በብረት ሽቦ የተጎነጎነ ቱቦ፤ አራት አዳዲስ የ10 ሚሊሜትር መዳብ ሮንዴላ፣ ለእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት፤ ግማሽ ሊትር ያልተከፈተ ዶት 4 የፍሬን ዘይት፤ የ60 ሚሊሊትር ስሪንጅ ከነግልጽ ቱቦው፤ ቶርክ ቁልፍ፤ የፍሬን ማጽጃና ብዙ ጨርቅ። የቱቦው ባንጆ ብሎን (የቱቦውን ጫፍ ከፓምፑ ጋር የሚያስረው ባለ ቀዳዳ ብሎን) ሲገዛ ጥርሱን ተጠንቀቁ። የብሬምቦ ፓምፖች 10 በ1.0 ጥርስ (ውፍረቱ 10፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.0 ሚሊሜትር) ይወስዳሉ፣ የጃፓኖቹ 10 በ1.25። ሁለቱ አንድ ሁለት ዙር የተግባቡ መስለው ይገቡና ከዚያ የፓምፑን ጥርስ ይበሉታል።

ዘይቱ ላይ ቀልድ የለም። የላይኛው ፓምፕ ክዳን የሚለውን አንብቡ። የማጉራ ፓምፕ የተገጠመባቸው አንዳንድ የኬቲኤም ሞተርሳይክሎች የሚወስዱት ማዕድን ዘይት ነው፤ ዶት 4 ከገባባቸው ጎማዎቻቸው አብጠው ፓምፑ ይያዛል። ዶት 4 ደግሞ ቀለም ይልጣል፣ ስለዚህ ታንከሩን ሸፍኑ፣ የፈሰሰውንም ወዲያው በውኃ እጠቡ።

መፍታትና መግጠም

የታችኛው ፓምፕ በግራ በኩል፣ ከፊተኛው ፒኞን (ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርስ) አጠገብ በሦስት ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን ታስሯል። የሰንሰለቱ ቅባትና የመንገዱ አቧራ ተጋግሮ የሚከማቸው እዚያው ነው። የፒኞኑን ሽፋን ፍቱና ጥቁሩን ጭቃ በእንጨት ፍቃችሁ አውጡ፣ በብሩሽም እጠቡ። ይህን የዘለለ ሰው ፓምፑን ሲነቅል አሸዋው ወደ ግፊት ዘንጉ ቀዳዳ ይገባበታል።

ማንሻውን ማንም እንዳይነካው በወፍራም ካርቶን ጠቅልላችሁ እሰሩት። ፓምፑ ተነቅሎ ሳለ አንድ ሰው ቢስበው ፒስተኑ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ዘይቱም ይረጫል። አሮጌውን ዘይት ከላይኛው ፓምፕ ጎድጓዳ (የዘይት መያዣ) በስሪንጅ ምጠጡ፣ ባንጆውን አላሉ፣ ቀጥሎ ሦስቱን ብሎኖች ተራ በተራ ፍቱ። ፓምፑ ሲወጣ የግፊት ዘንጉ አብሮ ሊመጣ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ሳቡትና በመስታወት ላይ አንከባሉት፤ ከተወላገደ ተጣሟል። ኦሪንጎቹ ጠፍጣፋ ሆነው ከታዩ ቀይሩ። ደረቁ ፍሪሲዮን ዘይት እንዳይነካው የሚከላከሉት እነሱ ናቸው።

አዲሱን ፓምፕ ስትገጥሙ ብሎኖቹን በእጅ እስከ መጨረሻው አስገቡና ከዚያ በተራ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። የሞተሩ አካል አልሙኒየም ነው፣ በጉልበት የተጠበቀ ብሎን ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ቱቦውን መጀመሪያ ሁለቱንም ጫፍ በላላው ያዙት፤ መሪውን ሙሉ ግራና ሙሉ ቀኝ አዙሩና የማይወጠርበትን፣ ከጭስ ማውጫውና ከሰንሰለቱ የሚርቅበትን መንገድ ምረጡ። ባንጆው ሲጠበቅ ቱቦው አብሮ መዞር ይፈልጋል፣ በሌላው እጅ ያዙት። ለብረት ብሎን ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር በቂ ነው፤ አልሙኒየም ከሆነ ግን አምራቹ ከጻፈው አትለፉ። የብረት ሽቦው ቀለም ስለሚፍቅ በሚነካው ቦታ ሁሉ ጎማ አልብሱት።

አየር ማውጣት

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ባዶው ቱቦ ረጅም ነው፣ የላይኛው ፒስተን ትንሽ ነው፣ አየርም ወደ ላይ መሄድ ይወዳል። ከላይ እየጨበጡ ወደ ታች መግፋት ውኃን ሽቅብ እንደ መንዳት ነው። ስለዚህ ከታች ጀምሩ።

ስሪንጁን በዘይት ሙሉና ቱቦው ውስጥ አንድም አረፋ እስኪጠፋ ግፉት፤ ከፓምፑ የአየር ማውጫ ጋር አያይዙት፤ ማውጫውን ሩብ ዙር ክፈቱና በቀስታ ወደ ላይ ግፉ። በዚህ ጊዜ ማንሻው መነካት የለበትም፤ ከላይኛው ፓምፕ ወደ ጎድጓዳው የምትወስደው ቀጭን ቀዳዳ የምትከፈተው ማንሻው ሲለቀቅ ብቻ ነው። ጎድጓዳው ላይ አረፋ እየተግተለተለ ይወጣል። ዘይቱ እንዳይፈስ አንድ ሰው ከላይ በሌላ ስሪንጅ ይምጠጥ። አሮጌ ፓምፕ ሳይታጠብ በዚህ መንገድ ከተሠራ ግን ቆሻሻው ወደ ላይ ሄዶ ያቺኑ ቀዳዳ ይደፍናታል።

ማውጫውን ዝጉ፣ መሪውን የላይኛው ፓምፕ ባንጆ ከሁሉ ከፍ እስኪል አዙሩ። እዚያ የተደበቀ አረፋ ሁሌም አለ። ማንሻውን 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ በፍጥነት ነካ ነካ አድርጉት፤ ትናንሽ አረፋዎች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ከዚያ በኋላም ማንሻው እንደ ስፖንጅ ከሆነ ባንጆውን በጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ማንሻው በቀስታ እየተሳበ ሳለ ሩብ ዙር አላሉና ከመለቀቁ በፊት አጥብቁ።

መፈተሽ

የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሡ፣ ሞተሩ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ማንሻውን ሳቡ። ጎማው በእጅ መዞር አለበት። አልዞር ካለ ወይ አየር ቀርቷል ወይ ርቀቱ አልበቃም። ሁለቱን ለመለየት ማንሻውን ደጋግማችሁ ጨብጡ፦ ከደጋገማችሁ በኋላ ከተሻለ አየር ነው፣ ያው ከሆነ ደግሞ ርቀት ነው። በደረቁ ፍሪሲዮን ሽፋኑን ከፍታችሁ መጫኛው ሰሃን ስንት ሚሊሜትር እንደሚነሣ በቬርኒየር ጥልቀት መለኪያ ማየት ትችላላችሁ፤ ከመፍታታችሁ በፊት ለክታችሁ ጽፋችሁ ከነበረ ነገሩ ወዲያው ይለያል።

ርካሽ ማንሻ አብረው የገዙ ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር ያገኛቸዋል። ፒስተኑን የሚገፋው የማንሻው እግር ግማሽ ሚሊሜትር ከረዘመ ፒስተኑ ወደ ቦታው አይመለስም፣ ቀዳዳዋ ተዘግታ ትቀራለች። ሞተሩ ሲግል ዘይቱ ይስፋፋል፣ መሄጃ ሲያጣ የታችኛውን ፒስተን ይገፋል፣ ፍሪሲዮኑም ማንም ሳይነካው መንሸራተት ይጀምራል። ሃያ ደቂቃ ያህል በሰላም ተነድቶ ከዚያ የሚንሸራተት ከሆነ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት ማንሻው ጫፍ ላይ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ነፃ እንቅስቃሴ መኖሩን እዩ።

ጎድጓዳውን እስከ አፉ አትሙሉ። ፍሬን ላይ ሸራው ሲያልቅ ዘይቱ ይወርዳል፤ ፍሪሲዮን ላይ ግን ዲስኩ በሳሳ ቁጥር ዘንጉ ፒስተኑን ወደ ኋላ ስለሚገፋ ዘይቱ ሽቅብ ይወጣል። ደረጃው ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ የታችኛውን ፓምፕ ፒስተን ዙሪያ በነጭ ጨርቅ ጥረጉና እዩ። ፓምፑ ከሞተሩ ሙቀት አጠገብ ስለሆነ ዘይቱ ቶሎ ይጠቁራል፤ በየሁለት ዓመቱ፣ ከጠቆረ ደግሞ ቀድማችሁ ቀይሩት።