ዳታቤዝ ሲጠገን ዌብሳይቱን በምን ቅደም ተከተል እናቁም?

ባሕር ዳር ውስጥ የጀልባ ትኬት በኢንተርኔት የሚሸጥ ሲስተም እጠግን ነበር። አንድ ሌሊት ዳታቤዙን አቆምኩት፤ ትኬቱን የሚሸጠውን መተግበሪያ ግን ክፍት ተውኩት። ጠዋት ወደ ዘጌ የሚሄዱት ሰዎች ሲሰለፉ አንዲት እናት የክፍያውን መልእክት ከስልካቸው አውጥተው አሳዩኝ። ብሩ ተቆርጧል፤ ስማቸው ዝርዝሩ ላይ የለም። የክፍያው ማረጋገጫ የመጣው መተግበሪያው የሚጽፍበት ዳታቤዝ በሌለበት ሰዓት ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በሩን እዘጋለሁ፤ ዳታቤዙን የምነካው መጨረሻ ላይ ነው።

ሰዓቱን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩት በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው። የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት እዚያ 23:00 ነው፣ ያውም የትናንቱ ቀን። የጥምቀትን ሰሞን ደግሞ ጨርሶ አትምረጡ፤ እንግዳው ብዙ ነው።

ጥገናው ሲጀመር አዲስ ግዢ አቁሙና የጥገና ገጽ አውጡ። ገጹ 503 የሚለውን ኮድ ይመልስ፤ «ለጊዜው አገልግሎት የለም» ማለት ነው። 200 («ሁሉም ደህና ነው») ከመለሰ ጎግል የጥገናውን ጽሑፍ እንደ ትክክለኛ ገጻችሁ ሊይዘው ይችላል። የክፍያ ማረጋገጫ የሚገባበትን አድራሻ ግን ወዲያው አትዝጉት። ቀድመው መክፈል የጀመሩ ሰዎች አሉ፤ የእነሱ እስኪያልቅ ጠብቁ።

ቀጥሎ ከጀርባ የሚሠሩትን አቁሙ፦ በተቀጠረ ሰዓት ሥራ የሚያስጀምረውን ክሮን፣ ኢሜይልና ኤስኤምኤስ የሚልኩትን ወርከሮች። ሰው በብዛት የሚረሳው እነዚህን ነው። ገጹ ተዘግቶም ዳታቤዙ ላይ መጻፋቸውን ይቀጥላሉ።

አሁን መተግበሪያውን። እንዲያቆም በሚጠይቀው ምልክት፣ በሲግተርም አቁሙት፤ የያዘውን ሥራ ጨርሶ እንዲወጣ ዕድል ይሰጠዋል። ሲግኪል መሃል ላይ ነው የሚቆርጠው። መተግበሪያውን የሚያሠራው ዶከር (ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር ለይቶ የሚያሠራ መሣሪያ) ከሆነ ሌላ ካልነገራችሁት 10 ሰከንድ ብቻ ጠብቆ ይገድለዋል፤ ሥራችሁ ረዘም የሚል ከሆነ ጊዜውን ጨምሩለት።

ከዚያ ዳታቤዙ ላይ ማን እንደቀረ እዩ። ዳታቤዛችሁ ፖስትግሬስ ከሆነ ፒጂ ስታት አክቲቪቲ (pg_stat_activity) የሚባለው ቪው ይነግራችኋል። ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ለውጦች) ከፍቶ ዝም ያለ ግንኙነት ካለ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ አትግደሉት። ማንም ሲጠፋ ባክአፕ ውሰዱ፤ ሌላ ቦታ መልሳችሁ ጭናችሁም መከፈቱን አረጋግጡ። የጥገናውን ትዕዛዞች ሰርቨሩ ላይ ቲመክስ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ክፈቷቸው። መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ቢቋረጥ እንኳ ሥራው ይቀጥላል።

ስትመልሱ ተቃራኒውን ሂዱ፦ ዳታቤዙ፣ መተግበሪያው፣ ወርከሮቹ። በሩን ለሕዝብ ከመክፈታችሁ በፊት ለራሳችሁ ብቻ ክፈቱና አንድ ትኬት ከፍላችሁ ግዙ። ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ ካለ ለሁሉም ክፈቱት።

አንድ ሥራ ይቀራል። የሌሊቱን ክፍያዎች ከትኬቶቹ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። የጎደለ ካገኛችሁ ጀልባው ሳይነሳ ለሰውየው ደውሉለት።