ባሕሩ ሳይሞላ፦ በኦሊምፒክ ዳርቻና ተራራ በእግር

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ዳገትና ብርድ አዲሴ አይደሉም። ሲያትል መጥቼ መጀመሪያ እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት ያለውን፣ ተራራም የፓስፊክ ዳርቻም የያዘውን ኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ለማየት ስሄድ የተዘጋጀሁት ለተራራው ነበር። ያስደነገጠኝ ግን ባሕሩ ነው። ደጋ ያደገ ሰው፣ ጠዋት በደረቅ አሸዋ ያለፈበት መንገድ ከሰዓት በኋላ ውሃ እንደሚውጠው ልቡ አያምንም።

ሐምሌና ነሐሴ አገር ቤት ክረምት ነው። እዚህ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ ደረቁ ጊዜ ነው። ወዳጆች "በየት እንሂድ?" ብለው የሚደውሉልኝም ያኔ ነው። ለእነሱ የምነግራቸውን ልጻፈው።

መጀመሪያ ከፓርኩ የውቅያኖስ ዳርቻዎች አንዱ ወደሆነው ሪያልቶ ቢች ሂዱ። ከመኪና ማቆሚያው በስተ ሰሜን ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በጠጠርና በአሸዋ ከተጓዛችሁ፣ ውሃ የቦረቦረው ትልቅ የድንጋይ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ሰዎች "ሆል ኢን ዘ ዎል" ይሉታል። መሃል ላይ ኤለን ክሪክ የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ። አንዳንዴ ጫማ አውልቆ መሻገር ይጠይቃል። ቀዳዳው ውስጥ ማለፍ የሚቻለው ባሕሩ ሲጎድል ብቻ ነው።

ባሕሩ እዚህ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሁለቱ ጉድለቶች እኩል አይደሉም፤ አንደኛው ከሌላው ይበልጥ ዝቅ ይላል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል። ስለዚህ "ባለፈው ቅዳሜ በዚህ ሰዓት አልፌ ነበር" ማለት አይሠራም። ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየውን የዕለቱን ሰንጠረዥ ማየት ግድ ነው። ለዚህ አካባቢ፣ ከሪያልቶ አጠገብ ላለችው መንደር ለላ ፑሽ የወጣውን ሰንጠረዥ ተመልከቱ። ከፍታው በፉት ነው የሚጻፈው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዳርቻው ይሰፋል።

ሰንጠረዡ ላይ አንድ ነገር አጣሩ፦ እዚህ አገር በሞቃቱ ወራት ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል፤ ሰንጠረዡ ለዚህ ለውጥ ተስተካክሏል ወይስ አልተስተካከለም? እኔ አንድ ዓመት ያልተስተካከለ መስሎኝ አንድ ሰዓት ጨመርኩበት። ተስተካክሎ ኖሯል። ከአክስቴ ልጅ ጋር ቀዳዳውን አልፈን፣ በድንጋዮቹ መሃል በቀሩት የውሃ ጉድጓዶች ውስጥ የባሕር ኮከብ እያየን ቆየን። ብርቱካንማና ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው፣ እንደ እጅ መዳፍ ድንጋዩ ላይ የተለጠፉ። ጊዜ እንዳለን እርግጠኛ ነበርኩ። ስንመለስ ቀዳዳው ውስጥ ውሃው እየገባ፣ አረፋው ግድግዳውን እየመታ ይወጣል። የአክስቴ ልጅ "በሩጫ እንለፍ" አለች። እጇን ያዝኳት። ሞገድ እስኪመለስ ጠብቆ መሮጥ ሰው የሚሞትበት ነገር ነው፤ አንዱ ሞገድ ከሌላው በጣም ይበልጣልና። ቀና ብለን ጫካውን ስናይ ቀይና ጥቁር ክብ ምልክት ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ይህን ምልክት አስታውሱት። በገደሉ አናት ላይ የሚያሳልፍ መንገድ እንዳለ የሚናገር ነው። ጭቃና ሥር እየጨበጥን ወጣን፣ በሌላው በኩል ወረድን። አንዳንድ ቦታ ገመድ ታስሮ ታገኛላችሁ፤ ሙሉ ክብደታችሁን ከመጣላችሁ በፊት ጎትታችሁ ፈትሹት።

ከዚያ ወዲህ ባሕሩ በጣም የሚጎድልበት ሰዓት ከመድረሱ ሁለት ሰዓት ቀድሜ እነሳለሁ። ውሃው እየሸሸ እሄዳለሁ፣ ገና ሳይመለስ እመለሳለሁ። ሰንጠረዡንም በስልክ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ ዳርቻው ላይ ኔትወርክ የለም። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ዘመድ አብሮ ካለ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት። "6፡30" ለእናንተ ማለዳ፣ ለእሱ እኩለ ቀን ነው።

ውቅያኖሱ የተፋቸው ግዙፍ ግንዶች ዳርቻው ላይ ተከምረዋል። ልጆች መውጣት ይወዳሉ። ሞገድ በሚደርስበት ቦታ አታስወጧቸው። ያን የሚያህል ግንድ እስከ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ይንሳፈፍና ሰው ይጨፈልቃል።

ሪያልቶን ካወቃችሁት ቀጥሎ የኦዜትን ዙር ሂዱ። ሦስት ማዕዘን ነው፤ እያንዳንዱ ጎን አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ። ከኦዜት ሐይቅ በዝግባ ጫካ ውስጥ ወደ ኬፕ አላቫ፣ በዳርቻው ወደ ሳንድ ፖይንት፣ ከዚያ በጫካው ተመልሶ ወደ መኪና። ጫካው ውስጥ መንገዱ በብዛት የእንጨት ርብራብ ነው። እርጥብ ሲሆን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ዳርቻው ላይ ዌዲንግ ሮክስ ከሚባለው ቦታ የአካባቢው ነባር ተወላጆች የሆኑት የማካ ሕዝብ አባቶች ድንጋይ ላይ የቀረጹትን ዓሣ ነባሪና የሰው ፊት ታያላችሁ። አትንኩ፣ በኖራም አታድምቁ። ኬፕ አላቫ አጠገብ በጭቃ ናዳ የተቀበረ የማካ መንደር ነበር። በ1970 ማዕበል አጋለጠው። የወጡት ዕቃዎች ኒያ ቤይ ባለው የማካ ሙዚየም ስላሉ፣ ጊዜ ካላችሁ ጎራ በሉ።

ለቀን ጉዞ ፈቃድ አያስፈልግም። ለማደር ግን አስቀድማችሁ ማውጣት አለባችሁ። ዳርቻው ላይ ለሚያድር ሰው ምግቡን ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ጣሳ ውስጥ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። እዚያ የሚያስቸግረው በብዛት ራኩን የሚባለው እንስሳ ነው፤ ጣቱ ረጅም፣ ዚፕ የሚከፍት ሌባ ነው። ሽታ ያለው ሁሉ ጣሳው ውስጥ ይግባ፤ የጥርስ ሳሙናም፣ በርበሬም። ጣሳው ጠባብ ስለሆነ በሶና ቆሎን የሚያህል ስንቅ አላገኘሁም። ቦታ አይዝም፣ እሳት አይፈልግም፣ ፍልሰታ ውስጥም ይሆናል። በሶውን ለመበጥበጥ ከምንጩ ስትቀዱ ውሃው እንደ ሻይ ቡናማ ቢሆን አትደንግጡ፤ ቅጠልና ሥር ያቀለመው ነው። ግን አጣሩት ወይም አፍሉት።

ስለ ተራራው የምነግራችሁ አጭር ነው። ከፖርት አንጀለስ ወደ ሃሪኬን ሪጅ በመኪና ውጡ፣ ከዚያ ሃሪኬን ሂል የሚባለውን መንገድ በእግር ያዙ። መሄጃው ብቻ 2.6 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጫፉ 1,755 ሜትር ላይ ነው። ወደ ሰሜን ባሕሩንና ካናዳን፣ ወደ ደቡብ የኦሊምፐስ ተራራን በረዶ ታያላችሁ። ኦሊምፐስ 2,432 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን ከተማ ከእሱ ትበልጣለች! ሆኖም ዓመቱን ሙሉ የበረዶ ግግር ተሸክሟል። ምክንያቱ ከምድር ወገብ መራቁና የፓስፊክ እርጥበት የብርዱን ወራት በሙሉ በረዶ ሆኖ የሚወርድበት መሆኑ ነው። ስለዚህ "ቁመቱ ምን አላት?" ብላችሁ በቀጭን ሹራብ አትውጡ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እንኳ መንገድ ላይ በረዶ ሊኖር ይችላል። ጥጥ ልብስ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፤ ሱፍ ወይም ስፖርት ልብስ ይሻላል። ሣሩ ላይ ወፍራም ቡናማ እንስሳ ሲያፏጭ ከሰማችሁ የኦሊምፒክ ማርሞት ነው። እንደኛ ጭላዳ ነው፤ ከዚህ ሌላ አገር አይገኝም። ቆም ብላችሁ እዩት፣ ምግብ ግን አትስጡት።

የጉዞ ቀን የምመርጠው ከሰንጠረዡ ተነስቼ ነው። ጠዋት ላይ ባሕሩ በደንብ የሚጎድልበትን ቅዳሜ እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ዳርቻውን፣ እሑድ ተራራውን። ጉም ተራራውን ከያዘው እሑድን መለወጥ ይቻላል፤ ባሕሩን ግን ቀጠሮውን ቀይር ማለት አይቻልም።